ለጥቂት ፊደል የተሠራ ማሽን

የላስታ ቁም ጸሐፊ መሣሪያውን የሚያበጀው ለፊደሉ ሲል ነበር። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ ተወጥሮ ይፋቃል፤ መቃው በካራ ይቀረጻል፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ቀዩ ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል። የመቃው አፍ ደንድኖ የ«ጬ»ን ቀለበት አላወጣ ካለ፣ ጸሐፊው መቃውን እንደገና ይቀርጸዋል እንጂ «ጬ»ን ከገበታ አያወጣም። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተጠበቁት የብራና መጻሕፍት፣ የንጉሥ ላሊበላ የመሬት ስጦታ የተመዘገበበትን የቤተ መድኃኔ ዓለም ወንጌል ጨምሮ፣ በዚህ ሥርዓት የተጻፉ ናቸው።

ከባሕር ማዶ የመጣው ማሽን ይህን ቅደም ተከተል ገለበጠው። ማሽኑ ስንት ፊደል እንደሚችል አስቀድሞ ተወስኖ፣ ተገጣጥሞ ይመጣል፤ በልኩ መቆረጥ ያለበት እንግዲህ ፊደሉ ነው። ዛሬ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒዩተር ማሠሪያ ሥርዓት የተጫነበት ላፕቶፕ ከዕቃዎቹ አንዱን «አላውቀውም» ሲል ባለሙያው ችግሩ ከብረቱ ይሁን፣ ዕቃውን ከሚያሠራው ፕሮግራም፣ ከድራይቨሩ፣ ወይስ ከፎንቱ እያለ ደረጃ በደረጃ ይመረምራል። በግእዝ ፊደል ላይ ይህ ምርመራ የተጀመረው ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ በፊት ነው።

የእርሳስ ፊደል እምብዛም አላስቸገረም። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው የኮሎኝ ሰው ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግእዝ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን ሲያሳትም፣ ሥራው የጠየቀው ብዙ ቅርጽ የመቅረጽ ትዕግሥት ብቻ ነበር። በ1914 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም እንዲሁ ነው። የፊደል ለቃሚው ሳጥን ይበዛል፣ እጁ ይደክማል፤ የማይገባ ፊደል ግን የለም።

ነገሩ የከረረው የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ነው። መኪናው ከአርባ ጥቂት የሚበልጡ ቁልፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ቢመታ ሁሉም ተደምሮ ወደ 90 ይጠጋል። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያሉት 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ እነ«ቋ» እና «ጓ»፣ ሃያዎቹ የግእዝ ቁጥሮች፣ ነጠላ ሰረዙና አራት ነጥቡ ገና አልተቆጠሩም። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ መፍትሔ ያሉት ፊደሉን መገጣጠም ነው፤ በአንድ ቁልፍ የፊደሉ አካል ይመታል፣ በሌላው እግሩ ወይም ቀለበቱ ይቀጠልለታል። ማሽኑ ሠራ። የቅጥያው ቦታ ግን ለሁሉም ፊደል አንድ ስለሆነ ለ«በ» የተስማማው እግር «ጠ» ላይ ሲደርስ ይንሻፈፋል። በቤተ ክህነት የቁም ጽሕፈት ዓይኑን ያሠለጠነ ሰው ይህን ማየት ቢከብደው አይፈረድበትም።

የመኪናው ጠባብነት ወደ ፊደሉ ክርክርም ተሻገረ። ጣልያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት «ፊደል ይሻሻል፣ ይቀነስ» የሚሉ ሐሳቦች ሲቀርቡ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነበር። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው «ሐ»፣ «ኀ»፣ «ሠ»፣ «ዐ» እና «ፀ» በተለይ ለመቆረጥ ታጩ። ሐሳቡ አልጸደቀም፤ ባለመጽደቁም ጥሩ ሆነ። ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማሽኑ ሲሰፋ፣ በጠባቡ ልክ ተቆርጠው የነበሩ ፊደላትን እንደገና ወደ ገበታ መሰብሰብ ቀላል ባልሆነ ነበር።

በዘመነ ኃይለ ሥላሴ የቴሌ መሐንዲሱ ተረፈ ራስወርቅ ደግሞ ቴሌፕሪንተሩን ያዙ። ያ መሣሪያ ከጽሕፈት መኪናውም የባሰ ነው። ወረቀቱን በአምስት ቀዳዳ ስልት ስለሚበሳ 32 ምልክት ብቻ ያውቃል፤ በመቀየሪያ ቢታገዝ እንኳ የዚያን እጥፍ አያልፍም። በዚህ ጠባብ መስመር ግእዝ ማስተላለፍ መቻላቸው በኢትዮጵያ የምህንድስና ታሪክ ከሚገባው በላይ የተረሳ ሥራ ነው።

የግል ኮምፒዩተር ሲመጣ ጣራው ወደ 256 ከፍ አለ። አንድ ባይት ከዚያ በላይ ቁጥር አይዝም፤ ከ256ቱም ብዙውን ላቲኑና የማሽኑ የራሱ ትእዛዞች ይዘውታል። በአሜሪካ ፍሥሐ አትላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ «አጋፋሪ»ን የሠሩት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሰዎች፣ በኋላም የ«ቪዡዋል ግእዝ» እና የ«ፓወር ግእዝ» አዘጋጆች ሁሉም ይህን ግድግዳ ገፍተውታል። አንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው የጽሕፈት መኪናውን የመገጣጠም ብልሃት ወደ ስክሪኑ አመጣው። እያንዳንዱም ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ሰጠ። ጦሱ የወጣው ደብዳቤ ከቢሮ ወደ ቢሮ መሄድ ሲጀምር ነው። በአንደኛው ፕሮግራም የተጻፈው የስብሰባ ጥሪ በሌላኛው ሲከፈት የላቲን ፊደል፣ የቅንፍና የነጥብ ዝርክርክ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ነው ሊኑክስ የሚመጣው። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የሊኑክስን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ለቀቀው፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ሊያየው፣ ሊያርመው ይችላል። ለግእዝ ጥቅሙ ወዲያው አልታየም። እንዲያውም መጀመሪያ የታየው ጉዳቱ ነበር፤ በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች በዩኒክስና በሊኑክስ ማሽን የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ለዊንዶውስ የተሠሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች አንዳቸውም አይሠሩላቸውም ነበር። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያቀረቡት መላ «ሴራ» ይባላል፤ ግእዝን በተራ የላቲን ፊደል፣ ነገር ግን በጥብቅ ሕግ የመጻፍ ስልት ነው። ትንሹ «ቲ» ለ«ተ»፣ ትልቁ «ቲ» ለ«ጠ»፤ ትንሹ «ሲ» ለ«ቸ»፣ ትልቁ ለ«ጨ»፤ «ኤክስ» ለ«ሸ»። ጽሑፉ ተራ ላቲን ስለሆነ በየትኛውም መስመር ሳይበላሽ ያልፋል፤ ሕጉን የሚያውቅ ፕሮግራም በሌላው ጫፍ ወደ ፊደል ይመልሰዋል።

እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ከሠሩት አንዱ ኢትዮጵያዊ አይደለም። ጃፓን፣ ጹኩባ ውስጥ በሚገኝ የመንግሥት ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ታካሃሺ ናኦቶ «ኢማክስ» ለተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ የግእዝ ክፍሉን ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው 20ኛው የኢማክስ ዕትምም የብዙ ቋንቋ ችሎታው ዋናው ፕሮግራም ውስጥ ገባ። ጃፓኖቹ በሺህ በሚቆጠር የራሳቸው ፊደል ምክንያት ከ256ቱ ግድግዳ ጋር ቀድመው ስለተጋጩ ችግሩ ለእነሱ እንግዳ አልነበረም። ለግእዝ የቀረበው ፎንት ቁመቱ 24 ነጥብ ነው። ኢማክስ የዓለም ቋንቋዎችን ሰላምታ በሚያሳይበት ገጽ ላይ አማርኛም ተራውን አግኝቶ «ሠላም» ይላል። የዋድላ ቅኔ መምህር ቢያየው ግን በንጉሡ «ሠ» መጻፉን ሳይነቅፍ አያልፍም፤ የቃሉ ፊደል እሳቱ «ሰ» ነው። ጀርመን፣ ሐምቡርግ ውስጥም ብርሃኑ በየነና ባልደረቦቹ ከአባስ አላምነህ ሥራ ተነሥተው፣ የሳይንስ ጽሑፍ በሚዘጋጅበት «ላቴክ» አማርኛ የሚያትም ጥቅል ሠርተዋል።

የቁጥሩ ግርግር የተፈታው ግን በዩኒኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ግእዝ 345 ምልክቶችን ይዞ ገባ፤ ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ተሰጠው። ለመቆረጥ ታጭተው የነበሩት «ኀ» እና «ፀ»ም እዚያ አሉ።

ቁጥር ማግኘት ግን በስክሪን ላይ መታየት ማለት አይደለም። ሊኑክስ ሲነሣ የሚታየው ጥቁር የጽሑፍ መስኮት፣ ኮንሶል የሚሉት፣ ቪጂኤ ከተባለው የስክሪን ካርድ የወረሰው ጥብቅ ገደብ አለበት። ካርዱ በጽሑፍ ገጽታ ሲሠራ የሚይዘው አንድ የ256 ቅርጾች ሠንጠረዥ ነው፤ ሁለተኛ ሠንጠረዥ ሊጨመር ቢችልም ዋጋ ይከፈልበታል። ደማቆቹን ቀለማት የሚያመለክተው ቢት ለፊደል ስለሚወሰድ 16 የነበሩት የፊደል ቀለማት ወደ 8 ይወርዳሉ። ጣራው 512 ነው። አሁን ሒሳቡ ይሠራ፦ የላቲኑ 95 ምልክትና የግእዙ 345 ሲደመሩ 440። ገባ! ለመስመርና ለሳጥን መሳያ 72 ቦታ ተረፈ። ስለዚህም የዴቢያን ሊኑክስ የኮንሶል ጥቅል «ጎሃ»፣ «ጎሃ ክላሲክ» እና «ፊክስድ» የተባሉ የኢትዮጵያ ፎንቶች ይዟል። እያንዳንዱ ፊደል ስምንት ነጥብ ስፋት ባላት ክፍል ውስጥ መግባት አለበት፤ «ጭ» እና «ጬ» በስምንት ነጥብ ሲለያዩ ለማየት ጥሩ ዓይን ያስፈልጋል፤ ግን ይለያያሉ። የዛሬው ስክሪን በሚሊዮን የሚቆጠር ነጥብ ቢኖረውም የከርነሉ ኮንሶል አሁንም ከ512 አያልፍም፤ ከዩኒኮድ 3.0 በኋላ ለሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች የተጨመሩት ፊደላት ሁሉም ተደምረው እዚያ አይገቡም።

ቀጥሎ ኪቦርዱ ነው። በሊኑክስ ቁልፍ ሲጫኑ ከርነሉ የሚያየው ቁጥር ነው። ያን ቁጥር ወደ ምልክት የሚለውጠው ሠንጠረዥ ለአንድ ቁልፍ አንድ ምልክት ይሰጣል፤ ለፈረንሳይኛ ወይም ለሩስኛ ይበቃል፣ ለግእዝ አይበቃም። «ስ» ተጽፎ ቀጥሎ አናባቢው ሲመጣ የቀደመውን አጥፍቶ «ሰ» የሚያደርግ አስተዋይ ነገር መሐል መግባት አለበት። የመስኮት ፕሮግራሞች የሚሠሩበት «ጂቲኬ» የተባለው ቤተ መጻሕፍት የአማርኛና የትግርኛ መጻፊያ አብሮት እንዲመጣ ተደረገ፤ «ስኪም» እና «አይባስ» ተከተሉ፤ የሴራን ሕግ በፋይል አስፍሮ ለሁሉም ያቀረበው «ኤም17ኤን» ደግሞ ከዚያው ከጹኩባ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 የግእዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽንና ዳንኤል ያዕቆብ የአገሪቱን ቋንቋዎች የቀንና የወር ስሞች ለሊኑክስ አዘጋጁ። ከአማርኛና ከትግርኛ፣ ከሲዳምኛና ከወላይትኛ ጋር ግእዝ ራሱም ተካቷል። ቤት ውስጥ ማንም የማይነጋገርበት፣ በላሊበላ ቅዳሴ ግን የሚሰማ ቋንቋ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሰኞን «ሰኑይ»፣ ማክሰኞን «ሠሉስ»፣ ረቡዕን «ራብዕ» እንዲል ማዘዝ ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ መደራረብ አንድ የምርመራ ልማድ ተወለደ፤ ልማዱ ዛሬም ይሠራል። አማርኛው ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ ጽሑፉ ደህና ነው፣ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሲጫን ሳጥኑ ይሞላል። የላቲን ዝርክርክ ከሆነ ጽሑፉ የተጻፈው ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፕሮግራም ነው፤ የትኛው እንደሆነ ከታወቀ መለወጫ ይገኝለታል፣ ካልታወቀ ግን ቃል በቃል እየገመቱ መፈለግ ነው። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ከታየ መልካም ዜና የለም፤ መሐል መንገድ ላይ ግእዝ የማያውቅ ፕሮግራም ፊደሉን አውጥቶ ጥሎታል፣ የሚመለስ ነገር የለም። ዋናውን ፋይል ከላኪው እንደገና መጠየቅ ነው። ፊደሉ እየታየ መጻፍ ካልተቻለ ደግሞ ፎንት መቀያየር ከንቱ ድካም ነው፤ ጥፋቱ ከመጻፊያው ነው።

ዕቃ ያልተስማማባቸው ጊዜያትም የራሳቸው ወግ አላቸው። የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ኢትዮ ቴሌኮም ሲሆን በአገሪቱ የገመድ አልባ ኢንተርኔት ዋና መሣሪያ በዩኤስቢ የሚሰካው ሞደም፣ ሰው ዶንግል የሚለው፣ ነበር። ከእነዚህ ዶንግሎች ብዙዎቹ ሲሰኩ ሞደም ነኝ አይሉም። የዊንዶውስ ድራይቨር የያዘ ሲዲ መስለው ይቀርባሉ፤ ዊንዶውስ ከዚያ ላይ ፕሮግራሙን ይጭንና ወደ ሞደምነት ይቀይራቸዋል። ሊኑክስ ግን የቀረበለትን አምኖ በሲዲነት ይመዘግበዋል፤ ተጠቃሚውም ሞደም ፍለጋ ይባዝናል። ፍቺው «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የተባለች ትንሽ ፕሮግራም ነች። ለአንዳንዱ ዶንግል የምትልከው ትእዛዝ «ሲዲውን አውጣ» የሚል ብቻ ነው፤ ሲዲው ሲወጣ ሞደሙ ብቅ ይላል። የመሰለውን ሳይሆን የሆነውን ለማየት የተሰካውን ዕቃ መለያ ቁጥር ማንበብ፣ ቀጥሎም የከርነሉን መልእክት መመልከት የሊኑክስ ባለሙያ የመጀመሪያ እርምጃ የሆነው በእንዲህ ያለው ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ሊኑክስ በሺዎች ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ልጆች እጅ ገባ። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» ከሚባለው ፕሮግራም፣ በጀርመን በሚደገፈው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም በኩል፣ ወደ 5,000 የሚጠጉ «ኤክስኦ» ላፕቶፖች ለአዲስ አበባና ለገጠር ትምህርት ቤቶች ደረሱ። ማሽኑ በ256 ሜጋባይት ሜሞሪና በ433 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር ሊኑክስ ያሠራል፤ ስክሪኑ በፀሐይ ላይ ይነበባል፤ ለኢትዮጵያ የተዘጋጀው ኪቦርድም የግእዝ ፊደል የታተመበት ነበር። ክፍት ኮድን መመሪያው ባደረገው በዚህ ማሽን ውስጥ አንድ ዝግ ነገር ነበረ፤ የገመድ አልባው መረብ ክፍል የሚነሣው አምራቹ ኮዱን ባልገለጠው የዕቃው ውስጥ ፕሮግራም፣ ፈርምዌር በሚሉት፣ ነው። የፕሮግራሙ ሰዎች በዚህ ብዙ ተከራክረዋል። ከአራት ዓመት በኋላ የዚሁ ድርጅት ሰዎች በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ታብሌትና የፀሐይ ባትሪ መሙያ ሰጡ፤ የታብሌቱ አንድሮይድም ውስጡ የሊኑክስ ከርነል ነው። ጥቂት ወራት ቆይተው ሲያዩ፣ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፍተው አገኟቸው።

ላስታ ራሷ ወደ ማሽኑ የገባችው በፊደል ሳይሆን በፎቶግራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሃያ ዓመታት ገደማ ውስጥ ወደ 9,000 የሚሆኑ መጻሕፍትን ሲያነሣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትም ከእነዚያ መሐል ነበሩ፤ ከካታሎጎቹ ብዙዎቹን በሚኒሶታ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ከዚያም የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ቡድን ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ራሳቸውን በሌዘር ለክቶ በኮምፒዩተር ነጥብ አድርጎ አስቀመጣቸው። ካሜራና ሌዘር ፊደል አይመርጡም፤ ለእነሱ «ጬ» እና የድንጋይ ጥግ አንድ ናቸው። ችግሩ ፎቶግራፍ ውስጥ ቃል መፈለግ አለመቻሉ ነው። አንድ ሰው በአንድ ገድል ውስጥ የአንድ ቦታ ስም ስንት ጊዜ እንደተነሣ ለማወቅ ከፈለገ ጽሑፉ መተየብ አለበት፣ ሲተየብም የመጽሐፉ ምልክት ሁሉ ቁጥር ሊኖረው ይገባል።

እዚህ ላይ ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኗ የዜማ መጽሐፍ፣ ከሁሉ የከበደ ሆኖ ተገኘ። በገና በዓል፣ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው ገደል አፍ፣ በማሜ ጋራ ላይ የሚቆሙትና ከታች የሚቆሙት ካህናት ተቀባብለው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ፣ ዜማው የሚመራው ከቃሉ በላይ በተጻፉ ደቃቅ ምልክቶች ነው። በትውፊት ምልክቶቹን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የሠሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል፦ ይዘት፣ ደረት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ። የ1999ኙ ዩኒኮድ ከእነዚህ አንዱንም አልያዘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ዩኒኮድ 4.1 ስምንቱ፣ አጭር ርክርክና ደረት ሂደት ተጨምረውባቸው፣ አሥር ሆነው ገቡ። ይሁን እንጂ የገቡት ራሳቸውን ችለው እንደሚቆሙ ምልክቶች ነው፤ ከፊደል አናት ላይ የመቀመጥ ጠባይ አልተሰጣቸውም። ማሽኑ እንደ ልማዱ ከፊደሉ ጎን ያሰልፋቸዋል። ከላይ ለማውጣት በሊኑክስ የሚሠራ የዜማ መጽሐፍ አዘጋጅ አንድ መንገድ አለው፦ በሊብሬኦፊስ ቅንብር ውስጥ የእስያ ቋንቋዎችን ድጋፍ ከፍቶ «ሩቢ» የሚባለውን መጠቀም። ሩቢ የተሠራው ለጃፓንኛ ነው፤ ከከባዱ የካንጂ ፊደል በላይ አነባበቡን በትንሹ ለማስቀመጥ። አዘጋጁ በዚያች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይዘቱን ወይም ድፋቱን ይከታል፣ ቃሉን ከሥር ያስቀምጣል፣ ወደሚቀጥለው ቃል ይሄዳል።